ደጅ ጥናት፦ በጸሎት ስለ መታገሥና ስለ መጽናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉባኤው ሲበተን ነው ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው። አንዷ በር ላይ ትይዘኛለች። አንዱ ባጃጅ እየጠበቅን ያወራኛል። እሑድ ከሰዓት ቡና ላይ ደግሞ እናቶች በተራቸው ይጠይቃሉ። የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ እየተመላለሰ የሚመጣው ግን አንድ ነው፦ «ጸለይኩ፣ ጸለይኩ፣ መልስ የለም። አሁን ምን ላድርግ?»

እዚህ የጻፍኩት በየጊዜው የመለስኩትን ነው። ከአባቶች የተማርኩትን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያነበብኩትንና በቤቴ ያየሁትን ነው የምናገረው። የየራሳችሁን ጉዳይ ለንስሐ አባታችሁ አማክሩ።

ፈቃዱን በትዕግሥት መጠበቅ ካለብኝ፣ ደጋግሜ መለመኔ ትዕግሥት ማጣት አይሆንም?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስለን ትዕግሥት ሲባል ዝም ማለት ስለሚመስለን ነው።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ ደጅ መጥናት። ድሮ ባለጉዳይ ሹም ደጅ ሄዶ ይቀመጥ ነበር። ጉዳዩ እስኪታይለት ሳምንት ይቆጥራል፣ ወር ይቆጥራል፣ አንዳንዴም ዓመት። ይህ ሰው ታጋሽ ነው፤ ተነሥቶ አልሄደማ። ግን ዝም ብሎም አልተቀመጠም። ሹሙ ብቅ ሲል ይነሣል፣ እጅ ይነሣል፣ ጉዳዩን ያሰማል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። መታገሡም መለመኑም እዚያው አንድ ሰው ላይ ናቸው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለት ደጅ ጠኚ ናት። ዳኛው እግዚአብሔርን አይፈራም፣ ሰውንም አያፍርም። እሷ ደግሞ የሚሟገትላት ሰው የላትም። ያላት እግሯ ነው። ትመላለሳለች። ዳኛው በመጨረሻ የፈረደላት አዝኖላት አይደለም፤ ሰልችቶት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔም እግዚአብሔርን ካሰለቸሁት ይሰጠኛል» ብሎ ያስባል። ጌታ የተናገረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ዳኛው በምሳሌው የተጠቀሰው እግዚአብሔርን እንዲመስል አይደለም፤ እንዲነጻጸር ነው። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው እንኳ ከሰማ፣ ቀንና ሌሊት ወደ እርሱ የሚጮኹትን አባትየው እንዴት አይሰማም? ነው ነገሩ።

እኔ ልዩነቱ የገባኝ በራሴ ጉዳይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ፊርማ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ነገ ነይ»፣ «ሰውዬው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»። በሰባተኛው ተፈረመልኝ። ያን ቀን ስወጣ ሁለተኛ እዚያ በር ላይ ላልቆም ለራሴ ነገርኩት። በእግዚአብሔር ደጅ የቆየ ሰው ግን ጉዳዩ ካለቀም በኋላ ይመጣል። ልጅ ለምና ያገኘች እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ለምና ያላገኘችውም ትመጣለች። የሹም ደጅ ሰውን ያሰለቻል፣ ያዋርዳል። የእግዚአብሔር ደጅ ግን ባለጉዳዩን እያደር ቤተኛ ያደርገዋል። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ከዚህች ነገር የሚነሣ ነው።

የሚያስፈልገኝን ሳልነግረው ያውቃል። ታዲያ ለምን እነግረዋለሁ? ለምንስ እደጋግማለሁ?

እንደሚያውቅ የነገረን ራሱ ጌታ ነው፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 6። ወዲያው ቀጥሎ ግን «አትለምኑ» አላለም። አባታችን ሆይን አስተማረን። አሕዛብ ቃል በማብዛት የሚሰሙ ይመስላቸዋል፤ የነቀፈው ያንን ነው። ያው ወንጌል ምዕራፍ 26 ላይ ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ በሦስተኛውም ያንኑ ቃል ነው የደገመው። ስለዚህ ያንኑ ቃል መድገም በራሱ ጥፋት አይደለም። እኛም ቤተ ክርስቲያን 41 ጊዜ እግዚኦ የምንለው እግዚአብሔር በአንዱ ስላልሰማን አይደለም። በአንዱ ልባችን ስለማይደርስ ነው። እኔ ራሴ ሃያኛው ላይ ስደርስ ነው ብዙ ጊዜ የምነቃው።

7 ቀን ሱባኤ ገባሁ፤ ምንም የለም። 21 ቀን ላድርገው? 40 ይሻላል?

ሱባኤ መግባት ጥሩ ነው። በፍልሰታ ስንቱ በረከት ያገኝበታል። ግን ቁጥሩን እንደ መክፈቻ ቁልፍ አትያዙት።

ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ አዝኖ ጾመ። መልአኩ ሲመጣ የነገረውን ልብ በሉ፦ ቃልህ የተሰማው ልብህን ካዋረድክበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው አለው። እንግዲህ 21ኛው ቀን ጸሎቱ የተሰማበት ቀን አልነበረም፤ መልሱ የደረሰበት ቀን ነው። በመካከል ዳንኤል ያላየው ሌላ ነገር ነበር።

ኤልያስ ስለ ዝናብ ሲጸልይ ብላቴናውን ወደ ባሕሩ እንዲያይ ላከው። ልጁ ስድስት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ። በሰባተኛው የሰው እጅ የምታህል ደመና አየ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጦ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። የቤተ ሳይዳው በሽተኛ 38 ዓመት ተኝቷል። በርጤሜዎስ ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ላይ ማየት ጀመረ። አንዱ ከሌላው አይገጥምም። የሚገጥም ቢሆን ኖሮ ቀመሩን ይዘን ሰጪውን በረሳነው ነበር።

ዘካርያስን ደግሞ አስቡት። መልአኩ «ጸሎትህ ተሰምቶልሃል» ሲለው አላመነም። «እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለ። እኔ ሳነበው፣ ስለ ልጅ መጸለዩን ከተወ ብዙ ዓመት የሆነው ይመስለኛል። እሱ የረሳው ጸሎት በሰማይ አልተረሳም ነበር።

መልሱ «አይሆንም» መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ቸኩሎ የሚመልስላችሁ ሰው ካለ ተጠንቀቁት።

መጽሐፍ ቅዱስ «አይሆንም» የተባሉ ሰዎችን አይደብቅም። ሙሴ ዮርዳኖስን ተሻግሮ መልካሚቱን ምድር እንዲያይ ለመነ። እግዚአብሔር «ይበቃሃል፤ በዚህ ነገር ደግመህ አትናገረኝ» አለው። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ዳዊት ሕፃኑ ሲታመም መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፣ አለቀሰ፤ ሕፃኑ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ያኔ ዳዊት ተነሣ፣ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ። አገልጋዮቹ ግራ ገባቸው። እሱ ግን በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ለመነ፤ ሲዘጋ ደግሞ ከዘጋው ጌታ ጋር አልተጣላም።

አብዛኞቻችን እንደ ሙሴ በቃል አይነገረንም። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምለው ይሄ ነው። በሩ መዘጋቱን እስካላያችሁ ለምኑ። ስትለምኑ ግን «ፈቃድህ ትሁን» የምትለዋን አታስቀሯት። ከተዘጋም አልቅሱ። ዳዊትም አልቅሷል።

ሙሴን እንዲሁ ልተወው አልችልም። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቡሄ ሲጨፈር የምናከብረው ደብረ ታቦርን ነው። በዚያ ተራራ ላይ ከጌታ ጋር ሲነጋገሩ የታዩት ኤልያስና ሙሴ ናቸው። በሕይወቱ ሳለ ያቺን ምድር እንዳይረግጥ የተከለከለው ሙሴ! በዚያች ምድር ተራራ ላይ ታየ። ከለመነውም በላይ፣ የምድሪቱን ጌታ ፊት ለፊት እያየ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር የዘጋሁትን የጸሎት ደብተሬን እንደገና እከፍታለሁ።

አንድ ልጅ እንዲያገባኝ ለአራት ዓመት ጸለይኩ። አሁን ሌላ አጨ። ልቀጥል?

አይ እህቴ፣ ተይው። እሱም የራሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ እጮኛውም የእግዚአብሔር ልጅ ናት። ስለ ትዳርሽ ጸልዪ፤ በእነሱ ትዳር ላይ አትጸልዪ። እንባሽ ግን በከንቱ አልፈሰሰም። አራት ዓመት ሙሉ ደጁ ላይ ነበርሽ።

ጸሎቴ ደርቋል። አፌ ይናገራል፣ ልቤ የለም። ላቁም?

አባቴ ማና ውስጥ ትንሽ የቡና ማሳ ነበረው። ልጆች ሆነን የማይገባን አንድ ነገር ነበር። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ቅርንጫፉ ላይ ጥቃቅን እንቡጦች ይወጡና ዝም ብለው ይቆያሉ። ታኅሣሥ ያልፋል፣ ጥር ያልፋል። ፀሐዩ ይከራል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ እንቡጡ ንቅንቅ የለም። «አባዬ፣ ሞተ እንዴ?» እንለው ነበር። «እየጠበቀ ነው» ይላል። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ አንድ ዝናብ ይጥልና በሳምንት ከምናምን ማሳው ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ያኔ በአጋሮ መንገድ የሄደ ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

በኋላ ከግብርና ባለሙያዎች እንደሰማሁት፣ ያ ደረቅ ጊዜ ለአበባው ያስፈልገዋል። እንቡጡ ደረቁን ወቅት አልፎ ዝናብ ሲያገኝ ነው አንድ ላይ የሚፈነዳው። ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢዘንብበት አበባው ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ይበታተናል።

ስለዚህ ድርቀት ሁሉ ሞት አይደለም። ግን ደግሞ ላታልላችሁ አልፈልግም። ድርቁ በጣም ሲረዝም ችግኝ ይሞታል። አባቴ ያኔ ትንንሾቹን በባልዲ ያጠጣ ነበር። የዝናብ ያህል አይሆንም፤ ግን ያቆያቸዋል። ልብ ሲደርቅም እንደዚያው ነው። ረጅሙ ጸሎት ካቃታችሁ አጭሩን ያዙ። «አቤቱ ይቅር በለኝ» በሉ። አንድ መዝሙር አንብቡ። የራሳችሁ ቃል ሲያልቅ የዳዊትን ቃል ተዋሱ፤ መዝሙሩ 150 ነው፣ አያልቅባችሁም። ምንም ማለት ካልቻላችሁ ደግሞ ተነሥታችሁ ቁሙ ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ ይሄ የጸሎት ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪም አማክሩ። ነውር የለውም።

ምናልባት ኃጢአቴ ይሆን የከለከለኝ?

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። በሌላ በኩል ጴጥሮስ ባሎች ሚስቶቻቸውን ካላከበሩ ጸሎታቸው እንደሚከለከል ጽፏል። ያዕቆብም የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል።

የምለይበትን መንገድ ልንገራችሁ። ከእግዚአብሔር የሚመጣ ወቀሳ ስም አለው። «የሠራተኛሽን የሁለት ወር ደመወዝ አልከፈልሽም» ይላል። «እህትሽን አላናገርሻትም» ይላል። ይሄ ከመጣ ተነሡ፣ ክፈሉ፣ ታረቁ፣ ንስሐ ግቡ፣ ከዚያ ተመለሱ። ስም የሌለው፣ «አንቺ ምንም አትረቢም» እያለ ሌሊት የሚያባንን ወቀሳ ግን ከእሱ አይደለም። ንስሐ ገብታችሁ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ካሏችሁ በኋላ ያንኑ ኃጢአት እንደገና አትቆፍሩት።

ስጸልይና ጸበል ስጠመቅ መድኃኒቴን ማቆም አለብኝ? አለማቆሜ እምነት ማጣት አይሆንም?

አታቁሙ። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ እባካችሁ አታቁሙ። ሐኪማችሁ ካላዘዘ አንድም ቀን አትዝለሉ። ጸበሉን ጠጡ፣ ኪኒኑንም በሰዓቱ ዋጡ።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ አልቅሶ ጸለየ። እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት። እንዲያም ሆኖ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ተአምሩና መድኃኒቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። መጽሐፈ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ባለመድኃኒትን አክብር፤ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይለናል።

አያቴም ይሄ የገባው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ በአገራችን ታየ። ብዙ ገበሬ ማሳው ባዶ ቀረ። አያቴ ጸለየ፣ ቄስ አምጥቶ ጸበል አስረጨ። ቀጥሎ ደግሞ እዚሁ ጅማ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጣ፣ በሽታውን የሚቋቋም ችግኝ ተከለ። እስከ ዛሬ የገበሬው አፍ ላይ ያሉት 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከዚያ የወጡ ናቸው። ችግኙን ሲተክል ጸሎቱን አላቋረጠም። የጸሎቱ መልስ በእጁ ላይ እንደሆነ ነበር የሚያምነው።

ስእለት ብሳል ይፈጥናል?

ስእለት ማፋጠኛ አይደለም። ሐና ተሳለች፤ ግን የተሳለችው ልጁን መልሳ ለመስጠት ነው። ሰጥታማለች። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወርደው ሕዝብ አብዛኛው ስእለቱን ሊያደርስ ነው የሚሄደው፤ ያ ምስጋና ነው። ግን የማትችሉትን አትሳሉ። ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል መክብብ። ደመወዛችሁ የማይችለውን ተስላችሁ ዕዳ ውስጥ የገባችሁ ካላችሁ፣ ተደብቃችሁ አትጨነቁ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ተመርቄ ሦስት ዓመቴ ነው። የማይጸልዩት ጓደኞቼ ሥራ ይዘዋል። ምን ልበል?

በመጀመሪያ፣ መናደድህን አትደብቀው። የአሳፍ መዝሙር፣ በእኛ ቁጥር 72ኛው፣ በዚሁ ቅናት ይጀምራል። «ልቤን በከንቱ አጸደቅሁ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። የተረጋጋው ወደ መቅደስ ሲገባ ነው።

ሁለተኛ፣ ጸልይና አመልክት። ቫካንሲ ተመልከት፣ ሲቪህን አስተካክል፣ እስከዚያው ያገኘኸውን ሥራ ሥራ። ዮሴፍ እስር ቤት ውስጥም ሥራ አልፈታም ነበር።

እግዚአብሔርን ማማረር፣ «ለምን?» ማለት ኃጢአት ነው?

«አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ ያስቀመጠልን ማን ሆነና? ቤተ ክርስቲያን ያንን ቃል በአፋችን አድርጋ ታስጸልየናለች። ሐና ልቧ ተመርሮ እያለቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። «በፊትህ ያለችው ሰካራም አይደለችም፤ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስኩ» ዓይነት መልስ ነው የሰጠችው። ምሬቷን ይዛ ወደ እሱ መጣች። እሱን ትታ ሄዳ ስለ እሱ ብታማርር ሌላ ነገር ነበር። አባትን ፊት ለፊት መሞገት አለ፤ አባትን ጎረቤት ሄዶ ማማትም አለ። የመጀመሪያውን የልጅ ወግ ብዬ ነው የማየው።

ሰባቱን የጸሎት ሰዓት መጠበቅ አልችልም። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ። ደግሞ ጀምሬ አቋርጣለሁ።

ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታ፣ መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱ እነዚህ ናቸው። ለሚጀምር ሰው የምለው፦ ነግህንና መኝታን ያዙ። አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል። አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ የራሳችሁን ልመና በራሳችሁ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ይሄን አደራ። የቀሩትን ሰዓታት በአንድ «እግዚኦ» አስቡ፤ ባጃጅ ውስጥም፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁም ይቻላል።

እኔን የሚቀሰቅሰኝ የንጋቱ አዛን ነው። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ በእርጅናቸው ለጸሎት ሊታጠቡ ውሃ ሲቀዱ ይሰማኛል። ስንት ጠዋት እሳቸውን አፍሬ እንደተነሣሁ እኔ አውቃለሁ።

ማቋረጥን በተመለከተ፣ ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ትሏ ስንቴ ሰምታችኋል። ዛፉ ላይ ስትወጣና ስትወድቅ አይቶ ተጽናና። የምንረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ያሬድ የተመለሰው ወደ አዲስ መምህር ወይም ወደ ቀላል ትምህርት አልነበረም። ወደዚያው አጎቱ፣ ወደዚያው ያቃተው ትምህርት ነው የተመለሰው። እናንተም ሰኞ ካቋረጣችሁ ማክሰኞ ወደዚያው ጸሎት ተመለሱ። የቀረውን ለማካካስ አትሞክሩ፤ ያ ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው።

ለልጄ፣ ለባሌ ስንት ዓመት ጸለይኩ። እሱ ግን አይለወጥም። የሌላ ሰው ልብ በጸሎት ይለወጣል?

የወንድሜን ነገር ልንገራችሁ። እሱ ራሱ «ንገሪያቸው» ብሎኛል።

እኛ ከተማ ጫት የሚቅም ሰው ብርቅ አይደለም። የወንድሜ ግን ሌላ ሆነ። ትምህርቱን ጣለ። ማታ እንቅልፍ የለም፣ ቀን ሰው አይደለም። ከዚያ መጠጡ ተጨመረ። ከዚያ ዕቃ ከቤት መጥፋት ጀመረ። የእማዬ የአንገት ወርቅ ሳይቀር ሄደ።

እማዬ በየንጋቱ ወደ ምሥራቅ ዞራ በስመ ክርስትናው ትጸልይለት ነበር። መቁጠሪያዋ ከእጇ አይለይም። ዘጠኝ ዓመት። እኔ በሦስተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጫለሁ፤ በግልጽ ነው የምናገረው። «እማዬ ተይው፣ የራሱ ጉዳይ» ብያታለሁ። በመካከል አንድ አባት መክረዋት ብር መስጠት አቆመች። ጸሎቱን ግን አላቆመችም። ሌላም ያላቆመችው ነገር ነበር፦ ማታ የግቢውን በር ከውስጥ አትቀረቅርም ነበር። እሱ ሳይገባ አይቀረቀርም። ዝናብ እየጣለ፣ ጅብ እየጮኸ፣ ሌባ እየተፈራ በሩ ገርበብ ብሎ ያድራል። ስንቴ ተጣልተንበታል።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። አጎታችን ጋራዥ አስገባው። ሁለት ጊዜ ጥሎ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ቆየ። አሁን ሚስት አለው፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ለምን እንደተመለሰ ጠየቅኩት። «በሩ ክፍት ነበር» አለኝ። «ስንት ሌሊት ልመለስ ብዬ በሩ ተዘግቶ ባገኘው እላለሁ። ቢዘጋ መሄጃ ምክንያት አገኝ ነበር።»

ለእማዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ'ኮ ሁልጊዜ እሱ እንዲመለስ ብቻ አልነበረም የምለምነው፤ እኔ እንዳልጠላው ነው» አለች።

ጸሎት የሰውን ልብ አስገድዶ አይቀይርም። እግዚአብሔርም አያስገድድም። ለሌላ ሰው ዓመታት መጸለይ ግን የእኛን በር እንዳይዘጋ ይይዘዋል። የሚመታ ባል፣ የሚያሰጋ ሰው ያለባችሁ ከሆነ ግን ክፍት በር ማለት መደብደብ ማለት አይደለም። ሩቅ ሆናችሁም መጸለይ ይቻላል። መጀመሪያ ራሳችሁንና ልጆቻችሁን አድኑ፤ ሰውም ተናገሩ።

የሚጠብቅ ሰው አጠገቤ አለ። ምን ብዬ ላጽናናው?

በትንሹ። «የእግዚአብሔር ጊዜ አለው» እውነት ነው፤ ግን ለሚያለቅስ ሰው ቶሎ ሲነገር በር እንደ መዝጋት ነው። «እምነትሽን አጠንክሪ» ደግሞ ሸክም ላይ ሸክም ነው። ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ጌታ አላባረረውም። እኛ ማን ነን?

ተረቶቻችንንም እንጠንቀቅ። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ይባላል። ለባለቤቴ ስንት ሰው እንዲህ ብሎታል። በቅንነት ነው። እሱም ፈገግ ይላል። ቤት ሲገባ ግን እራቱን አይበላም። እኛ ቤት ይሄ ተረት አይነገርም።

አብራችሁ ቡና ጠጡ። ስመ ክርስትናውን ጠይቁትና በእውነት ጸልዩለት። ከወር በኋላ «እስካሁን እየጸለይኩ ነው» በሉት።

አንቺስ የጠየቅሽውን አገኘሽ?

ይሄን የምትጠይቀኝ ብዙ ጊዜ እንደኔው ልጅ የምትጠብቅ ሴት ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጠይቀው።

አላገኘሁም። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሐኪም ዘንድ ሄደናል፤ አሁንም እንሄዳለን። ጸበልም እንሄዳለን። የሐናን ምዕራፍ በቃሌ አውቀዋለሁ። ማንበብ ያቃተኝ ዓመትም ነበር፤ የጓደኛዬን ልጅ ክርስትና ዋዜማ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ያለቀስኩበት።

አሁን ግን ጠዋት ስነሣ የምፈራው በሩን አይደለም። ባለቤቴ ጧፉን ያበራል። እኔ ዳዊቱን እከፍታለሁ። መጨረሻ ላይ ያንኑ ልመና በዚያው ቃል እንላለን፤ ዛሬ ጠዋትም ብለናል። ከዚያ ቡና እቆላለሁ።